«ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?»

ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሳለሁ ነው፣ ሕፃናት ክፍል። የ9 ወር ልጅ በሳንባ ምች ተኝቷል። አራተኛ ቀኑ ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ኦክስጅኑን ግን ማንሳት አቃተን። በነቀልነው ቁጥር ሳቹሬሽኑ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን፣ ይወርዳል።

ካርዱ ላይ በራሴ እጅ «ፀሐይ ይሞቃል» ብዬ ጽፌአለሁ። የገባ ዕለት እናቱን «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ክትባቱ አለፍኩ።

በሽተኞችን በምንዞርበት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ ሐኪም የልጁን ልብስ ገለጠና የእጅ አንጓውን ያዘ። ወፍሯል። «ደረቱን ዳስሰው» አለኝ። የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ ጣቴን ቆረቆሩኝ። አራት ቀን ሙሉ እዚያው ደረት ላይ ስቴትስኮፕ ሳሳርፍ አንዴም በጣቴ አልነካሁትም። ሪኬትስ ነው፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት የልጆች በሽታ። የጎድን አጥንቱ ሲለሰልስ ልጁ ደረቱን ነፍቶ መተንፈስ ያቅተዋል።

የሚያናድደኝ ይሄን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ጥናት አለ፦ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ።

ሲኒየሩ ወደ እናቲቱ ዞረ። «እግዜር በነፃ የሰጠንን ፀሐይ ለልጅሽ ትነፍጊዋለሽ?» ክፍሉ ሙሉ እየሰማ ነው።

የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቀረች። «ኧረ ዶክተር፣ በየቀኑ ነው የማሞቀው። ቅባት ቀብቼ መስኮቱ ሥር አስተኛዋለሁ።»

«መስኮቱን ከፍተሽ ነው?» አለቻት ሲስተር፣ ቀስ ብላ።

«ብርድ ቢመታውስ? ዘግቼ ነው እንጂ። አራተኛ ፎቅ እኮ ነው ቤታችን።»

ማንም አልተናገረም። መስታወት ብርሃኑንም ሙቀቱንም ያስገባል። ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። እኛ «አሙቂው» አልናት። እሷም አሞቀችው። «ያላችሁኝን ነው ያደረግኩት» አለች፣ እያየችኝ። ሲኒየሩን ሳይሆን እኔን።

የእጁ ራጅ አረጋገጠው። ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ጀመርንለት። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም። ሲኒየሩም አልጠየቃት፣ እኔም አልጠየቅኳት። ይኸው እስካሁን ይቆጨኛል። ዛሬ የትኛዋንም እናት «ታሞቂዋለሽ?» ብዬ አላቆምም። የት? ደጅ ነው ቤት ውስጥ? ልብሱን አውልቀሽ ነው ጠቅልለሽ? በዚህ ጥያቄ ወረፋው ይረዝማል፤ ይርዘም።

ኦክስጅኑ የተነሣው በ11ኛው ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳልፍ እናቲቱ ጠራችኝና የክፍላችንን መስኮት አሳየችኝ። የልጁ አልጋ ሥሩ ነው። ተዘግቷል።

«ዶክተር፣ ይሄስ መስታወት አይደል?»

ልጁን ተቀበልኳትና አብረን ወደ ግቢው ሣር ወጣን።