ለሐይቅ የቆመው ጠበቃ

አባቴ ሐይቁን የሚለካው በድንጋይ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ሠላሳ ዓመት ያህል ጀልባ ነድቷል። ዘጌ ላይ ጀልባ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ክረምት ሲወጣ ውሃው ይሸፍነዋል። ግንቦት ላይ እስከ ወገቡ ብቅ ይላል። በ1995 ዓ.ም. ግን ድንጋዩ እስከ እግሩ ተገልጦ ነበር። ከእሱ እስከ ሐይቁ ድረስ ጭቃ ብቻ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጀልባውን ራቅ አድርጎ አቁሞ አሮጊቶችን በጭቃው ውስጥ እየደገፈ ሲያወጣ አይቻለሁ። ማታ ቤት ገባ፤ እግሩን ታጠበ፤ ምንም ሳይናገር ተኛ።

ዛሬ ጠበቃ ነኝ። የምጽፈው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ ነው። ከድንጋዩ የጀመርኩት ሰውዬውን የወደድኩት በሐይቅ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ስሙ ኖርማን በርኬት ይባላል። መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። መምህራችን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ችሎት ፎቶ አሳየን። ስምንት ዳኞች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አራቱ ዋና፣ አራቱ ተለዋጭ ናቸው። መምህራችን ስለ ዋናዎቹ ብዙ ተናገረ። እኔ ግን «ተለዋጮቹ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ ድምፅ አይሰጡም» አለኝ። ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያን ያህል ወር ቁጭ ብለህ ስትሰማ ኖረህ በመጨረሻ እጅህን ማንሳት አለመቻል! ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ እንግሊዙ ተለዋጭ ዳኛ ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. የሌለባቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በርኬት በ1883 አልቨርስተን በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እናቱ የሞተችው እሱ ገና ሕፃን እያለ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ ሱቅ ጨርቅ እየለካ ሸጠ። እሑድ እሑድ ደግሞ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይሰብክ ነበር። የንግግር ችሎታው የበቀለው እዚያ ይመስለኛል። ካምብሪጅ የገባው ሃያዎቹን አጋምሶ ነው። ዕድሜው ግን አላስቀረውም። በ1910 የታወቀው የተማሪዎች የክርክር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1913 ጥብቅና ጀመረ፤ የሠራውም በርሚንግሃም ነው።

ስሙን ያስነሳው የተሸነፈበት ጉዳይ ነው። በ1920 «የአረንጓዴው ብስክሌት ግድያ» በሚባለው የሌስተር ችሎት በዐቃቤ ሕግ ወገን ቆሞ ተከራከረ። በተከላካይ ወገን የቆመው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ኤድዋርድ ማርሻል ሆል ነው። ማርሻል ሆል ረታ፤ ተከሳሹ ነፃ ወጣ። ነገር ግን የወጣቱ ጠበቃ አቀራረብ የአሸናፊዎቹን ዓይን ሳበ። ለንደን ወደ ማርሻል ሆል ቢሮ ጠሩት። እኔም የመጀመሪያ ጉዳዬን ተሸንፌያለሁ። ይህን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ማታ በጣም አጽናንቶኛል።

ፖለቲካውን ቶሎ ልለፈው። የሊበራል ፓርቲ ሰው ነበር። በ1923 ኖቲንግሃም ምሥራቅን ወክሎ ፓርላማ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ወደቀ። በ1929 እንደገና ተመረጠ፣ በ1931 እንደገና ወደቀ። ልቡ ያለው ችሎት ላይ ነበር።

የእኛ አባቶች ሙግት ያውቁ ነበር። በተጠየቅ ሙግት ዘመን ነገር አዋቂ ሰው በአደባባይ ቆሞ ቃሉን እየመዘነ፣ ባላጋራውን በጥያቄ እያጠረ ይረታ ነበር። ስለ በርኬት ሳነብ የሚታየኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የሚማርክ፣ የማይጮህ። በ1931 አልፍሬድ ራውዝ የተባለ ሰው መኪና ውስጥ ሰው አቃጥለሃል ተብሎ ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉ በርኬት ነው። መከላከያው እሳቱ በራሱ መነሣቱን የሚያስረዳ ባለሙያ አመጣ። በርኬት ተነሥቶ ናስ በሙቀት ሲለጠጥ የመለጠጡ መጠን ስንት እንደሆነ ጠየቀው። ባለሙያው መመለስ አልቻለም። የሰውዬው ምስክርነት እዚያው ፈረሰ። ራውዝ ተሰቀለ። ይህን ጥያቄ ጠበቆች እስከ ዛሬ ያደንቁታል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም። ቁጥሩን በቃል አለማወቅ ስለ እሳቱ ምንም አይነግረንም። ሰው ቢሰቀል በጥፋቱ ይሰቀል እንጂ ምስክሩ ስለተደናገረ መሆን የለበትም።

በ1934 ደግሞ በተከላካይነት ቆመ። ቶኒ ማንቺኒ የተባለ ሰው የገደላትን ሴት ሬሳ ሻንጣ ውስጥ ደብቋል ተባለ። ሻንጣው በእጁ ተገኝቷል። አገር ሁሉ ፈርዶበታል። በርኬት ማስረጃውን አንድ በአንድ ፈታው፤ ማንቺኒ ነፃ ወጣ። በ1976 ራሱ ማንቺኒ መግደሉን ለጋዜጣ ተናገረ። በርኬት ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ባይሞት ምን ይል ነበር? ብዙ አስቤበታለሁ። በተከላካይነት የቆምኩላቸው ሰዎች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ ብዬ መማል አልችልም። ሥራዬ ማስረጃው ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ያን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ባዶ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ ዘመኑን ስለሚያሳይ። በ1936 ጥቅምት የዋሊስ ሲምፕሰንን ፍቺ የያዘው እሱ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ዙፋኑን የለቀቀው እሷን ለማግባት ነው። የለንደን ጋዜጦች ስለ እሷ መጻፍ ሲጀምሩ የእኛው ንጉሠ ነገሥት አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው አገር ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ነበረች።

በ1941 ዳኛ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኑረምበርግ መጣ። በመጀመሪያ ዋና ዳኛ እንዲሆን ተጠይቆ ነበር። ኋላ ሐሳቡ ተቀየረና ቦታው ለጄፍሪ ሎረንስ ተሰጠ። በርኬት ተለዋጭ ሆኖ ሄደ። ችሎቱ ከኅዳር 1945 እስከ መስከረም 1946 መጨረሻ ቆየ። ከፍርዱ ጽሑፍ ብዙውን ያረቀቀው እሱ ነው። ሎረንስ ሲመለስ የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው። በርኬት ያን አላገኘም፤ እጅግ አዘነ። ማዕረጉ የመጣለት በ1958 ነው።

ስለ ኑረምበርግ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያመኝ ነገር አለ። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት እንዲህ ያለ ችሎት አላገኙም። ኢትዮጵያ የጣልያን ሹማምንትን በጦር ወንጀል ለመክሰስ ስም ዝርዝር አቅርባ ነበር። ማንም አልቀረበላትም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ ችሎት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ተፈረደበት፤ ጥቂት ወር ታስሮ ወጣ። ስለ እኛ ሰዎች አልተጠየቀም።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ።

በርኬት ከተወለደበት ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሐይቆች አገር አለ። ተራራና ሐይቅ የተጠላለፈበት ምድር ነው። በደቡብ ያለችው የማንቸስተር ከተማ ውሃ ስትፈልግ ዓይኗን የጣለችው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሰርልሜርን ገደበች። በ1894 ውሃው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቦይ ከተማው ገባ። ከዚያ ተራው የሆውስዋተር ሆነ። በ1930ዎቹ ማርዴል የምትባለው መንደር ከነቤተ ክርስቲያኗ በግድቡ ውሃ ተዋጠች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንቸስተር ሦስተኛውን ሐይቅ፣ አልስዋተርን ጠየቀች። ሕጉ ተረቅቆ ሎርዶቹ ምክር ቤት ቀረበ።

በርኬት 78 ዓመቱ ነበር። የካቲት 8 ቀን 1962 ተነሥቶ ተናገረ። ዕድሜ ልኩን ለሰው የቆመበትን ያን ድምፅ ለሐይቅ አዋለው። ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ሰባ ለሠላሳ ስድስት፤ አልስዋተርን የሚነካው አንቀጽ ወደቀ። በርኬት ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ኑረምበርግ ላይ ድምፅ ያልነበረው ዳኛ እዚህ ድምፅ ነበረው።

አልስዋተር ከጣና ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቀቱ ግን 60 ሜትር ይደርሳል። ጣና በተቃራኒው ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ጣና እንደ ሰፌድ ነው። ውሃው ትንሽ ሲወርድ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ለዚህ ነው በፎገራና በደንቢያ ገበሬው «ባሕር ሸሽ» የሚለው መሬት ያለው። ውሃው ሲሸሽ ያርሰዋል፤ ሲመለስ ይለቀዋል። በ1995 ዓ.ም. አባቴን ጭቃ ውስጥ ያስገባው ያ መሸሽ ነው። ዝናቡ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ ላይ ለመብራት የሚለቀቀው ውሃ ነበር።

ጣናም ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተጻፈ። በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣልያን እኛን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ግድብ ተጻጻፉ። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ሁለቱም የኢትዮጵያን መብት እንደማይነኩ ለማስረዳት ተገደዱ። በርኬት ያኔ ከፓርላማ ውጭ ነበር፤ ስለ እኛ ሐይቅ አንድ ቃል መናገሩን አላነበብኩም። ስለ ራሱ ሐይቅ ስለተናገረ ብቻ ግን አከብረዋለሁ። ለሩቁ ሐይቅ ራስ ተፈሪ ነበሩለት።

ማንቸስተርን ክፉ ማድረግ አልፈልግም። ሰው ውሃ ይጠጣል። እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራ ሆድ ውስጥ ሄዶ በለስ ላይ ይወርዳል። ጠቅሞናል። ጢስ ዓባይ ደግሞ የልጅነቴን ያህል አይጨስም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ዘመዶቻችን ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል። እኔም አንድ ቅዳሜ ነቅያለሁ። ሥሩ እጅ ላይ ይሸታል። ሲደክመኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ አረንጓዴው ማለቂያ የለውም። አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ታንኳውን ከእምቦጩ መሐል ማስወጣት አቅቶት ደንገሉ ሲበጣጠስ ነበር።

ከበርኬት የተማርኩት ይህን ነው። ሐይቅ ውክልና አይፈርምም። ቀጠሮ ቢሰጠው አይቀርብም። በአማርኛችን ጠበቃ ማለት ግን የሚጠብቅ ማለት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ዳርቻ የሚሠራ ግንባታ ሲነሣ፣ ቆሻሻ ውሃ የት እንደሚወርድ ሲጠየቅ፣ ከእንግዲህ ዝም አልልም። ባለፈው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ። የዳርቻው ርቀት ስንት ሜትር እንደሚሆን ሲወሰን ሕጉን አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ።

ማንቸስተር በኋላ ከአልስዋተር ውሃ ማግኘቷ አልቀረም። ግን ግድብ አልተሠራም። ፓምፑ ከመሬት በታች ተቀበረ፤ በሐይቁ ዳር የሚሄድ ሰው አያየውም። ከሐይቁ በላይ ያለ አንድ ተራራ ደግሞ በበርኬት ስም ተሰይሟል።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። ጀልባ መንዳት ትቷል፤ ወንድሜ ነው የሚነዳው። ወደ ዘጌ እየሄድን ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ሐይቁ አሁንም አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ጀልባስ አለው?»

«አለው። በየዓመቱ በሰውዬው ስም የጀልባ ውድድር ያደርጉበታል።»

ራሱን ነቀነቀ። ዘጌ ስንደርስ ከመውረዱ በፊት ወደ ድንጋዩ አየ። ውሃው እስከ ትከሻው ነበር።

«ስሙን ደግመሽ ንገሪኝ» አለ።