ቶሎ የሚደርስ ድንች መቼ ይተከል? እኔ የምወስንበት መንገድ

ለጓሮዬ ድንች የመትከያውን ቀን የሚወስንልኝ አፈሩ ነው። ቀን መቁጠሪያው ዝግጅት የምጀምርበትን ሰሞን ይጠቁመኛል፤ ከዚያ በላይ አላምነውም። ቅዝቃዜው ቶሎ የሚለቅበት ዓመት አለ፤ አልወጣም ብሎ የሚከርምበትም አለ። አምና በዚህ ቀን ተክዬ ነበር ማለት ለዘንድሮ ብዙም አይጠቅምም።

የአፈር ቴርሞሜትር አለኝ። ረጅም ሹል ብረት ያለው ቀላል መሣሪያ ነው። ዘሩ በሚያርፍበት ጥልቀት፣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ወርዶ እንዲለካ አድርጌ ጠዋት ጠዋት እሰካዋለሁ። ጠዋት መሆኑ ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው አፈር ላዩ ሞቅ ብሎ ያታልላል፤ ውስጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። አንድ ቀን ሞቀ ብዬም አልነሳም። ለተከታታይ ቀናት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆይ መሣሪያዬን አዘጋጃለሁ። 10 ከደረሰ ያለ ስጋት እተክላለሁ።

ከዚያ በታች ሲሆን ድንቹ ወዲያው አይሞትም፤ ግን አያድግም። ችግሩ እሱ ቁጭ ብሎ ሙቀት ሲጠብቅ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን አብረውት አለመቀመጣቸው ነው። በተለይ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ዘሩ እዚያው ይበሰብሳል። ጉንቁሉ ለመውጣት በዘገየ ቁጥር ደግሞ ራይዞክቶኒያ የሚባለው ፈንገስ ጫፉን ለማጥቃት ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ለዚህ ነው ሞቅ ባለ አፈር ዘግይቶ የተተከለ ድንች በብርድ ቀድሞ የተተከለውን ብዙ ጊዜ የሚደርስበት። ይህን በገዛ መደቤ ላይ ካየሁ ወዲህ መቸኮል ትቻለሁ።

እርጥበቱን ለማወቅ ግን መሣሪያ አያስፈልግም፤ በእጅ ይታወቃል። አንድ እፍኝ አፈር ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ገና ነው። ፍርፍር ካለ ለመቆፈር ደርሷል።

ቀጥሎ የማስበው ውርጩን ነው። ውርጭ መጀመሪያ የሚያገኘው ከአፈር በላይ ያለውን ቅጠል ነው፤ ከሥር ያለው ዘር አፈሩ ይከልልለታል። ከተተከለ በኋላ ቡቃያው ብቅ እስኪል እንደ አፈሩ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የመጨረሻው ውርጭ ከሚጠበቅበት ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መትከል ይቻላል፤ አፈሩ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ቅጠሉን ውርጭ ቢያጠቁረው ከሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ቶሎ ለመብላት ብለን የተከልነው ድንች እንደ አዲስ ከጀመረ ቀድመን መነሳታችን ምን ዋጋ አለው? ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ምሽት ሲመጣ ለጋውን ቡቃያ በአፈር ወይም በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።

እንግዲያው ብዙ ቢዘገይስ? እሱም ጥሩ አይደለም። ድንች ከሥሩ በደንብ የሚቋጥረው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 30 ሲጠጋ መቋጠር ያቆማል ማለት ይቻላል። ሌላም አለ። በ1845 አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው ሌት ብላይት የሚባለው የድንች በሽታ ዛሬም አለ፤ እርጥበትና ለዘብ ያለ ሙቀት ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ማሳውን ያጠቁራል። ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ከ70 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚደርሱ ብዙ ጊዜ በሽታው ሳይስፋፋ ይወጣሉ። እኔ እነዚህን ዝርያዎች የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ጥበቃ የሚያቀልልኝ ዘሩን አስቀድሞ ማጎንቆል ነው። ከመትከሌ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብዬ ድንቹን ዓይኑ የበዛበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ እደረድራለሁ። ቦታው ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃን የሚገባው፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መሆን አለበት። እዚያ ላይ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ከሆነ ነጭና ረጅም ሆኖ ሲነካ ይሰበራል። 2 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ለመትከል ይበቃል። አፈሩ ገና ከሆነም ብርሃኑ ላይ ትንሽ መቆየት አይጎዳውም። አሁን ከመሬት የወጣ ድንች ግን ለዘር አልመርጥም፤ ዓይኑ ገና ተኝቷል፤ እስኪነቃ ወራት ሊወስድበት ይችላል።

ገና በሚቀዘቅዝ አፈር ላይ ዘር ቆርጬ አልተክልም። የእንቁላል መጠን ያለውን ሙሉውን አስገባለሁ። የተቆረጠ ድንች ቁስሉን የሚያደርቀው ሞቅ ሲል ነው፤ በብርድ ክፍት ሆኖ ይቆይና ይበሰብሳል።

በአንድ ግቢ ውስጥም ቦታና ቦታ ይለያያል። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ ውሃ ስለማይዝ ቶሎ ይሞቃል። ዝቅ ያለው ጥግ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛበት ውርጭ ያዘወትረዋል። ጉዝጓዝ ካለ ከመትከሌ በፊት እገፈዋለሁ፤ ፀሐይን ይከለክላል። መቸኮል የሚፈልግ ሰው መደቡን ለሁለት ሳምንት ያህል በጥቁር ፕላስቲክ ቢሸፍን አፈሩ ጥቂት ዲግሪ ይጨምርለታል።

አሁን አሁን ዘሩን ለሁለት እከፍላለሁ። ግማሹን አፈሩ እንደፈቀደ ከፍ ባለው መደብ ላይ፣ የቀረውን ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ታች እተክላለሁ። ውርጭ ቢመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ አያገኝም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ለጋ ድንች የምንበላበት ጊዜም ይረዝማል። ቡቃያው ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ሲሆን አፈር አስታቅፈዋለሁ፤ ከሥር የሚቋጠረው ድንች ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ እንዳይሆን።