ፊልጶስን ላክልኝ ስል

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ በስልኬ፣ አንድ አንድ ፊደል እየነካሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ባንክም፣ ወረዳም፣ ዕድርም የሚያውቁት የአውራ ጣቴን አሻራ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ወንድሜ የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር እኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር። የኔታ የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ነው። የልጆቹ ድምፅ መስኩ ድረስ ይሰማል። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ...» ይላሉ። ጆሮዬ ሁሉንም ያዘው። ከሀ እስከ ፐ ሳልደናቀፍ በቃሌ እወርደው ነበር። ፊደሉን ግን በዓይኔ አላውቀውም። ወረቀት ላይ ቢያሳዩኝ ሀን ከለ አልለይም። ለሚያነብ ሰው ይህን ማመን ይከብደው ይሆናል። እንደኔ በጆሮ ብቻ የተማሩ ሴቶች ግን ኋላም አጋጥመውኛል።

በመንደራችን ማንበብ የምትችለው ሴት አክስቴ ብቻ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ያስተማራት። ያ ዘመቻ ትልቅ ነገር ነበር፤ በየዙሩ እየቀጠለ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። አክስቴ የምስክር ወረቀቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወደ እርሷ ይመጣሉ። እርሷ ስታነብ እናትየዋ ዓይኗን ከአክስቴ አፍ አትነቅልም። እኔም ከጎን ቁጭ ብዬ አፏን አይ ነበር። እንደ እርሷ መሆን ተመኘሁ። ብዙም ሳይቆይ ግን አዲስ አበባ ለሥራ መጣሁ። ሰው ቤት ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ምኞቴም በሥራ ተሸፈነ።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምታነበው እርሷ ሆነች። የመብራቱን ሒሳብ፣ የዕድሩን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን ትእዛዝ። ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም ታነብልኛለች። ከዚያ ባለቤቴ በድንገት ታሞ ዐረፈ። ዓመቱ ሳይወጣ ልጄ ዱባይ ለሥራ ሄደች። እኔም ብቻዬን ቀረሁ።

ልጄ በየጊዜው ትደውላለች። ዛሬ ኢሞውም ቴሌግራሙም ድምፅ ይልካል፤ በድምፅ እናወራለን። ለዚህም ነው በዚህ ዘመን ማንበብ የማይችል ሰው በቀላሉ የማይታወቀው። ግን ሥራ ላይ ሆና፣ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት በጽሑፍ የምትልክልኝም አለ። እርሱን ለማስነበብ ጎረቤት እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፤ «እማ፣ ይህን ለማንም እንዳታሳዪ።» ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ናት። ጥሩ ሴት ናት፤ አንገቷን ደፍታ ስልኬን መለሰችልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጸሎቴ በዚያ ሰሞን አንድ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ የሚያነብልኝ የታመነ ሰው ላክልኝ።» ቅዳሴ ላይ ይህንኑ እላለሁ። ቤቴም፣ በእመቤቴ ሥዕል ፊት ቆሜ፣ ይህንኑ እላለሁ።

አንድ እሑድ ሰባኪው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አነበበልን። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ነው። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው ላከው። ፊልጶስም ሲያነብ ሰምቶ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። ሰባኪው የሚያስተምረው ስለ ጥምቀት ነበር። የእኔ ልብ ግን አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ጃንደረባው ፊልጶስ ሳይመጣ በፊት እያነበበ ነበር! እኔ ፊልጶስን ላክልኝ፣ ፊልጶስን ላክልኝ ስል ኖሬያለሁ። መጽሐፉን ራሴ ልክፈተው ብዬ ግን አንድም ቀን ለምኜ አላውቅም። ያ ሐሳብ ከራሴ የመጣ አይደለም፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጸሎቴም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ እንግዲያውስ ዓይኔን ክፈትልኝ» አልኩት።

ብዙ አላስጠበቀኝም። በዚያው ሳምንት ጉሊት የምትሸጥ ወዳጄ «ወረዳው ትልልቅ ሰዎችን እየመዘገበ ነው፣ አትመጪም?» አለችኝ። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይሉታል። የማንንም አፍ ሳልጠብቅ ሄጄ ተመዘገብኩ። የሚሰጠው እሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ ነው። ዴስኩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበታችን አይገባም። አብረውኝ የሚማሩት የጥበቃ ሠራተኞች፣ ጉሊት የሚውሉ እናቶች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዷ ሕፃን አዝላ ትመጣለች። ሰው ከሥራ ደክሞ መጥቶ፣ ዓይኑን እያሻሸ ሰሌዳ ላይ ሲያፈጥ ማየት እንዴት ልብ እንደሚነካ!

አስተማሪያችን የልጄ እኩያ ናት። መጀመሪያ ፊደሉን በቃሌ ስወርደው ተገረመች። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል!» አለችኝ። ከዚያ በጆሮዬ ያለውን ሁሉ ከመልኩ ጋር ማገናኘት ጀመርን። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ከልጅነቴ የያዝኩት ድምፅ እንደ ስንቅ ሆነልኝ፤ እግዚአብሔር መስኩ ላይ እያለሁ ነው ለካ ያስቀመጠልኝ። የከበደኝ እጄን ማስለመድ ነው። ሙቀጫና ምጣድ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ሀ፣ ሐ፣ ኀም አስቸግረውኛል፤ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሦስት። ከሁሉ የባሱብኝ ግን አናታቸው ላይ መስመር ሲጨመርባቸው የሚለወጡት ናቸው። ሰ መስመር ሲያገኝ ሸ ይሆናል። ተ ቸ ይሆናል፣ ነ ኘ ይሆናል፣ ደ ደግሞ ጀ። እኔ ሁሌ አምታታቸዋለሁ። አስተማሪያችን አትቆጣም። «እትዬ፣ መጀመሪያ አናቱን ይዩ» ትለኛለች።

ትምህርት ከማይኖርባቸው ቀናት በቀር በርትቼ ሄድኩ። ቤቴ ስገባ የባለቤቴን ዳዊት እከፍታለሁ። ዳዊት የሚደግም ሰው በሳምንቱ ቀናት ይከፍለዋል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ይህ ለእኔ አቅም ገና ብዙ ነው። የቀኑን ክፍል ገልጬ አጭሩን መዝሙር እመርጣለሁ። ረቡዕ የምወደው 69ኛው ነው። «አቤቱ፣ እኔን ለመርዳት ተመልከት፤ አቤቱ፣ እኔን ለመርዳት ፍጠን» ይላል። ይህን መዝሙር ያለማንም እርዳታ ጨርሼ ሳነብ መሬት ላይ ተደፍቼ ሰገድኩ።

እንግዲህ እግዚአብሔር ለምን እንደቸኮለልኝ የገባኝ ኋላ ነው።

የቤታችን ካርታ በባለቤቴ ስም ነው። እርሱ ካረፈ ወዲህ የወራሽነቱ ጉዳይ አላለቀም ነበር። የባለቤቴ ወንድም መጣና «እትዬ፣ አንቺን ፍርድ ቤት ምን ያመላልስሻል? ውክልና ስጪኝና እኔ ልጨርስልሽ» አለኝ። አመሰገንኩት። ወረቀቱን ጽሕፈት ቤት አስጽፎ መጣ፤ ጠዋት አብረን ውልና ማስረጃ ሄድን።

ወረፋው ረጅም ነበር። «እስቲ ልየው» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩት። መማሬን አያውቅም፤ ከልጄና ከንስሐ አባቴ በቀር ለዘመድ አልተናገርኩም። ያቺን የረቡዕ መዝሙር በልቤ ደገምኩና ማንበብ ጀመርኩ።

የውክልና ጽሑፍ ከባድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። ስሜን አገኘሁ። የእርሱንም ስም አገኘሁ። «ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር» የሚለውን በስንት ድካም አወጣሁት። ልክ ነው፤ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። ወረድ አልኩ። «ቤቱን እንዲ...» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ፊደል አናቱን አየሁት። መስመር አለው። ሸ ነው። «እንዲሸጥ።» ከጎኑ ደግሞ «እንዲለውጥ»። መልሼ አነበብኩት። አሁንም ሸ ነው።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሠራተኛዋ «ማንበብ ይችላሉ?» ብላ ጠየቀች። እርሱ ቀድሞኝ «አትችልም፣ አሻራ ነው» አለ። እኔም «እችላለሁ» አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ ወረፋ ላይ ያሉት ዞረው አዩኝ። ቃሉን በጣቴ እያሳየሁ «ቤት ይሽጥልኝ አላልኩም፤ ይህ ካለበት አልፈርምም» አልኳት። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየችና አስረዳችኝ። ቤት ለማሸጥ የሚሰጥ ሥልጣን ውክልናው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት አያሸጥም። እዚህ ግን በግልጽ ተጽፏል። ብፈርም ኖሮ ቤቴን ለመሸጥ ሥልጣን ሰጥቼ እወጣ ነበር።

እርሱ «ጸሐፊው በልማድ የሚያስገባው ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ልቡን እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬም እንጠያየቃለን።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ማንበብ ባልችልም ያቺ ሠራተኛ ታነብልኝ ነበር፤ ሥራዋ ነው። ሕጋችንም ለማያነብ ሰው ያስባል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው አሻራ በዳኛ ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ መልካም ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሲነበብልሽ ጽሑፉ የሚሮጠው በአንባቢው ፍጥነት ነው። ከኋላሽ ወረፋ አለ፣ ከጎንሽ ዘመድ ቆሟል። «ገባዎት?» ብትለኝ «አዎ» ነበር የምላት። ራሴ ሳነብ ግን «እንዲሸጥ» ላይ ቆምኩ። የፈለግኩትን ያህል ቆምኩበት። ማንም ቀጥዪ አላለኝም። የሚያነብልኝ የታመነ ሰው ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ያ ሰው በዚያ ሰዓት ከጎኔ ላይኖር ይችል ነበር። ጌታ የሰጠኝ ግን አብሮኝ የሚውልና የሚያድር ነው።

ቀሪው ቀላል ሆነ። ልጄ ዱባይ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ለእኔ ውክልና ላከችልኝ። ያንንም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፍርድ ቤት ራሴ ተመላለስኩ። የቀጠሮውን ወረቀት ራሴ አየሁ፣ የችሎቱን ቁጥር በሩ ላይ አንብቤ ገባሁ። ጉዳዩ አለቀ፤ ቤቱም የእኔና የልጄ ሆኖ ተረጋገጠ። ውሳኔውን ስቀበል ጸሐፊዋ የአሻራ ቀለሙን ስታቀርብልኝ እስክሪብቶ ጠየቅኳት።

ልጄ መጀመሪያ የጻፍኩላት ዕለት ወዲያው ደወለች። «እማ፣ ማን ነው የጻፈልሽ?» አለችኝ። እኔ ነኝ ስላት አላመነችም። «እስቲ አሁን እያወራን ጻፊልኝ» አለች። ስሟን ጻፍኩላት። ከዚያ ሁለታችንም ማውራት አቃተን። አሁን የሆዷን ሁሉ ትጽፍልኛለች፤ እኔም እመክራታለሁ፣ እመልስላታለሁ። በመካከላችን ማንም የለም።

ዘንድሮ ወደሚቀጥለው ደረጃ አልፌያለሁ፤ ሒሳብ ጨምረውልናል። አብራን ትማር የነበረች አንዲት እናት ግን ባሏ ከለከላትና አቆመች። ነ ላይ ደርሳ ነበር። እባካችሁ ለእርሷ ጸልዩላት። እኔን ወለተ ኪዳን፣ ልጄን ወለተ ሥላሴ ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡን። ስብሐት ለእግዚአብሔር።