አንድ ኮድ ለብዙ ደንበኛ፦ ሶፍትዌሬን ከድሬዳዋ የማሠራጭበት መንገድ

የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ደንበኞቼ እዚሁ ድሬዳዋ ያሉ የትራንዚት ቢሮዎችና ጅምላ ነጋዴዎች ናቸው። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በኢንተርኔት በሚከራዩት ሰርቨር ላይ ነው፤ አንዱ የራሱ የአማዞን አካውንት አለው፣ ሌላው የማይክሮሶፍቱ አዙር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ያስተካከልኩት ነገር በራሱ ለሁሉም አይደርስም። ኮዱ ታሽጎና ቁጥር ወጥቶለት ወደ እያንዳንዳቸው መሄድ አለበት።

መጀመሪያ የሠራሁት ቀላል ነገር ነው፤ ቨርዥን ቁጥሩን መግቢያው ገጽ ግርጌ ላይ አወጣሁት። ከከዚራ አንድ ደንበኛ ደውሎ "አቦ፣ ተስተካክሏል አላልከኝም? እኔ ጋ እኮ ያው ነው" ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ከታች ስንት ይላል?" ግማሹ ችግር እዚያው ስልክ ላይ ያልቃል።

ቁጥሩን በቀን ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር። ኡቡንቱ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እንደዚያ ነው፤ 24.04 ማለት ሚያዝያ 2024 ነው። እኛ ጋ ግን አያስኬድም። 24.09 ብዬ ብልክ አንዱ ደንበኛ 9ን ግንቦት ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሴፕቴምበር ይላል፤ ዓመቱማ ጭራሽ ግራ ያጋባል። ስለዚህ የኮድ ማስቀመጫው ድረ-ገጽ የጊትሃብ መሥራች ከሆኑት አንዱ ቶም ፕሬስተን-ወርነር ያዘጋጀውን የሦስት ቁጥር ደንብ ያዝኩ። በ2.4.1 የመጨረሻው ከተቀየረ ስህተት ታርሟል ማለት ነው፤ ዝም ብዬ እጭነዋለሁ። መካከለኛው ከተቀየረ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ቀድሜ እደውላለሁ። የመጀመሪያው ከተቀየረ የለመዱት አሠራር ይነካልና ቁጭ ብለን ሳንነጋገር አልነካውም።

ማሸጊያዬ ዶከር ነው፤ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር "ኢሜጅ" በሚባል አንድ እሽግ ያደርገዋል። ለእያንዳንዱ ቨርዥን ኢሜጁ አንዴ ብቻ ይሠራል፤ ለሁሉም የሚሄደው ያው አንዱ ነው። የድርጅቱ ስም፣ ሎጎ፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ከውጭ ይሰጠዋል እንጂ ውስጡ አይገባም። ለየደንበኛው ኮድ መገልበጥ ሲጀመር ፈጣን ይመስላል፤ በኋላ ግን አንድ ጥገና በደንበኛው ቁጥር ይባዛል።

"ሌተስት" (የመጨረሻው አዲስ) የሚለውን ታግ ደንበኛ ጋ አልጠቀምም። ታግ የሚነሣና የሚለጠፍ ምልክት ነው። ዛሬ የሚያሳየውና ነገ የሚያሳየው ኢሜጅ ሊለያይ ይችላል። የቁጥር ታግም ቢሆን ካልተቆለፈ በላዩ ሌላ ሊጫንበት ይችላል፤ የአማዞን የኢሜጅ ማከማቻ ይህን የሚከለክል ምርጫ ስላለው ሁልጊዜ አበራዋለሁ። የማይለወጠው ከይዘቱ የሚሰላው ረጅሙ የኢሜጅ መለያ ነው። ለትራንዚት ሰዎች ስነግራቸው ወዲያው ይገባቸዋል፦ ኮንቴነሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳይሆን የእሽጉን ቁጥር ነው ከሰነድ ጋር የምታስተያየው።

መጠኑም ያሳስበኛል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሙሉው መነሻ ኢሜጅ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል፤ "ስሊም" የሚባለው ከ200 ሜጋባይት በታች ነው። ኢሜጅ በንብርብር የተደራረበ ነው፤ ዶከር የሚልከው የተቀየረውን ንብርብር ብቻ ስለሆነ ላይብረሪዎቹን (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ከታች፣ የኔን ኮድ ከላይ አደርጋለሁ። ኢሜጁም የሚሠራው ጊትሃብ ሰርቨር ላይ ነው። ሳቢያን ካለው ቤቴ የሚወጣው የቀየርኳቸው የኮድ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ሥራ አይቆምም።

ከሁሉም የሚከብደው ዳታቤዙ ነው። ኢሜጅን ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። የጠፋ የዳታ ዓምድ ግን ከነይዘቱ በዚያ መንገድ አይመለስም። ስለዚህ መጨመርንና ማጥፋትን በአንድ ቨርዥን አላደርግም። በ2.4 አዲሱን ዓምድ እጨምራለሁ፤ ፕሮግራሙ ሁለቱም ላይ ይጽፋል። በ2.5 አሮጌውን መጠቀም ያቆማል፣ ዓምዱ ግን አለ። የሚጠፋው ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም ደንበኛ ማለፉ ሲረጋገጥ ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕቃ በሚራገፍበት ሰዓት አንድ ነገር ቢበላሽ ያለ ፍርሃት የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አፕዴት የማይፈልግ ደንበኛ ሁሌም አለ፤ "ይሠራል፣ አትንካብኝ" ይላል። እሱንም በውል ጨርሼዋለሁ፦ ካለንበት መካከለኛ ቁጥር ሁለት ወደ ኋላ ድረስ እጠግናለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ግን መጀመሪያ ማደግ አለበት።