ኤፍ 12 እና የጋሼ ሚሊዮን

ቅዳሜ ለታ አክስቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። የአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ዌብሳይት ሰኞ ማስረከብ ስላለብኝ ላፕቶፔን ይዤ ነው የሄድኩት። ጎረቤቷ ጋሼም አሉ። ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው። አጠገቤ ቁጭ ብለው ስክሪኑን ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ያያሉ።

እኔ ኤፍ 12ን ተጭኜ «ይግዙ» የሚለውን በተን ከሰማያዊ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ብርቱካንማ አደርጋለሁ። ዌብ የሚሠራ ሰው ያለዚህች ቁልፍ ምንም ነው። የገጹን ሆድ ዕቃ ዘርግፋ ታሳይሃለች። ጽሑፉን፣ ቀለሙን፣ ክፍተቱን እዚያው ነካክተህ ውጤቱን ወዲያው ታያለህ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና «ሲ» (C) ቁልፎችን አንድ ላይ ከተጫንክ ደግሞ በማውስ የጠቆምከውን ነገር ኮድ ታወጣልሃለች። ኔትወርክ የሚለው ጋ ገብተህ ኢንተርኔቱን ሆን ብለህ ማዘግየትም ይቻላል፤ ገጹ በደካማ ኔትወርክ እንዴት እንደሚከፈት ለማየት ነው። እኛ ሰፈር ይኼ አያስፈልግም፣ በራሱ ጊዜ ያደርገዋል።

«ቀለም ብቻ ነው የሚቀይረው?» አሉኝ ጋሼ።

«ኧረ የፈለጉትን ይቀይራል!» ምላሴን በቆረጠው።

ትንሽ ቀደም ብሎ ሒሳባቸውን እንዳይላቸው ጠይቀውኝ የባንኩ ገጽ እንደተከፈተ ነበር። 4,312 ብር ከ60 ሳንቲም። ቁጥሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኢንስፔክት፣ ሁለቴ ጠቅ፣ ሦስት ዜሮ። 4,312,000.60።

ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ስልካቸውን አውጥተው ስክሪኑን ፎቶ አነሱ።

«አሁን ደግሞ ሪፍሬሽ ሳደርገው፣ ገጹን ከባንኩ እንደ አዲስ ሳስመጣው ይመልከቱ...» ብዬ ጣቴን ወደ ኤፍ 5 ስሰድ፣ መብራት ሄደ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው መያዝ ካቆመ ቆይቷል፣ የሚኖረው በገመድ ነው። ድርግም አለ።

ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም። ያ ገጽ ከባንኩ ወደ እኔ ኮምፒውተር የመጣ ኮፒ ነው፣ እኔ የነካሁት ኮፒውን ነው ብል ማን ይስማኝ! እኔም ብሆን አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ በኤፍ 12 ገጽ ሳሳምር ቆይቼ፣ ወደ ፋይሉ ሳልገለብጠው ሪፍሬሽ አድርጌ ሁሉም ብን ብሎብኛል። ክሮም የሚባለው ብሮውዘር በ2018 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሎካል ኦቨርራይድስ የሚባል ነገር አለ። ካበራኸው፣ የነካካኸው በራስህ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ከሪፍሬሽ በኋላም ይቆያል። መኖሩን ያወቅኩት ከለቅሶው በኋላ ነው። ለጋሼ ግን ይኼንን አልነገርኳቸውም። ምን ቆርጦኝ!

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ባንክ ቤት ናቸው። ፎቶውን ለቴለሯ አሳይተው «ቅዳሜ መብራት ሲሄድ የጠፋውን ገንዘብ መልሱልኝ» እያሉ ነው። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ተቀበለና በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «ልጁ አንተ ነህ?» አለኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጥበቃው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ላፕቶፔን ሁለቴ ፈተሸ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሶኬት ለምኜ የራሳቸውን ዌብሳይት ከፈትኩ። የብድር ወለዱን ወደ ዜሮ አወረድኩት። ኤፍ 5፣ ወለዱ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ተነፈሰ። ተከትሎን የገባው ጥበቃ ጠጋ ብሎ «እስቲ አንዴ ድገመው» አለ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት። ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ኮፒው ላይ ሦስት ዜሮ ብጨምር፣ ዋናው መዝገብ ይለወጣል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«በቃ፣ ያደረግኩት እሱን ነው።»

ዝም ብለው አሰቡ። «እና ዋናውን መዝገብ መንካት አትችልም?»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔኮ ተምሯል ሲሉ ሰምቼ ነው።»