ቀብዱን ቀብር ያደረገብኝ ሞዴል

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ላፕቶፕህ ላይ የጫንከው የትኛውን የኤአይ ሞዴል ነው?» ጽሑፍ የሚጽፈውንና የሚተረጉመውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለታቸው ነው። መልሱ አጭር ነው። ግን ስሙን ብቻ ብነግራችሁ ነገ ትራገሙኛላችሁ፤ የእኔ ላፕቶፕ የእናንተ አይደለም፣ ሥራዬም የእናንተ አይደለም። ስለዚህ ከነጣጣው ልንገራችሁ።

እኔ የምተዳደረው በትርጉም ነው። የቤት ሽያጭ ውል፣ ውክልና፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በተቃራኒው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚያልፈው ወረቀት የሰው ጓዳ ነው። ማን ከማን እንደተፋታ፣ ማን ቤቱን በስንት እንደሸጠ፣ የማን ልጅ በማን ስም እንደተመዘገበ። በኢንተርኔት የሚሠራ ኤአይ ይተርጉምልኝ ብዬ ይህን ገልብጬ ባሕር ማዶ ላለ ሰርቨር መላክ አንጀቴ እምቢ አለ። ደንበኛዬ ቢያውቅ ምን ይለኛል? በዚያ ላይ በየወሩ በዶላር ለመክፈል ካርድ ያለው ዘመድ ፍለጋ አለ። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ። አንድ ሰነድ ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ ብለው ሲያስጨንቁኝ ነው ኔትወርኩ ጥሎኝ የሚሄደው።

ስለዚህ ራሴው ማሽን ላይ የሚሠራ ሞዴል ልጫን አልኩ። መጫኑ ቀላል ነው፤ ያን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ኦላማ የሚባለውን ፕሮግራም ማውረድ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ፣ መጠበቅ። ጥቁር መስኮት የሚያስፈራው ሰው ኤልኤም ስቱዲዮን ይጫን፤ እሱ በመዳፊት ነው። ከሁለቱም በስተጀርባ ላማ ሲፒፒ የሚባል ነገር አለ። ጆርጂ ጌርጋኖቭ የሚባል ቡልጋሪያዊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የጀመረው ነው፤ ውድ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ ኮምፒውተር ሞዴል ማስኬድ እንዲችል በር የከፈተው እሱ ነው።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። የደረጃ ሰንጠረዥ ከፈትኩና ከላይ ካሉት አንዱን መረጥኩ፤ ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተማረውን የሚይዝባቸው ቁጥሮች ናቸው)፣ 5 ጊጋ ገደማ። በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ከአንድ አሮጌ ውል ስሙን ሁሉ አጥፍቼ አንድ አንቀጽ ሰጠሁት። ገዢው 500,000 ብር ቀብድ መክፈሉን የሚናገር አንቀጽ ነው። ሞዴሉ ጥርት ባለ፣ በሚያምር፣ የሕግ ሰው በሚመስል እንግሊዝኛ መለሰልኝ። ገዢው ለቀብር ማስፈጸሚያ 500,000 ብር ከፍሏል።

አፌን ይዤ ቀረሁ። በአንዲት ፊደል ሰውዬውን ቀበረው!

ቀሽም ሞዴል ነበር ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስትጠይቁት ጎበዝ ነው፤ ኮድ ጻፍ ብትሉት ይጽፋል። አማርኛ ግን አልተማረም። ይህን ቀድሜ ማወቅ እችል ነበር፤ ሞዴሎቹ ሲወጡ ምን ቋንቋ እንደሚያውቁ አብሮ ይጻፋል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ሜታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ያወጣው ላማ 3.1 በይፋ የሚደግፈው ስምንት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የለበትም። አሊባባ በሚያዝያ 2025 ያወጣው ኩዌን 3 ደግሞ 119 ቋንቋና ዘዬ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ከእኛ ቋንቋ ዘመዶች ዓረብኛ በየዓይነቱ አለ፣ ዕብራይስጥ አለ፣ ማልትኛ እንኳ አለ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርባት ማልታ! እኛ የለንም። ጉግል በመጋቢት 2025 ያወጣው ጌማ 3 ከ140 በላይ ቋንቋ ይላል። «ይላል» ነው የምላችሁ። ማለትና መቻል የተለያየ ነው፤ ግን ቢያንስ አንባቢው እዚያ በር ላይ ቢያንኳኳ አያፍርም።

ወደ ማሽኑ ልግባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የፕሮሰሰሩን ስም ነው የሚጠይቀው። ዋናው ግን ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ። ሞዴሉ ሙሉ በሙሉ ራም ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ከዲስክ እየተቀዳ ሲሠራ ሽበት ታበቅላላችሁ። ሞዴሉ በተፈጥሮው እያንዳንዱን ቁጥር በ16 ቢት ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 8 ቢሊዮኑ 16 ጊጋ ይሆናል። የእኔ ላፕቶፕ ራም ጠቅላላው 16 ነው። ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ብቻቸውን አምስት ስድስቱን ይበላሉ። እንግዲህ የት ይግባ?

ስለዚህ ይታመቃል። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደሚታመቀው ማለት ነው፤ ፊቱ ይታያል፣ የሸሚዙ ጥለት ግን ይደበዝዛል። በፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ ኪው 4፣ ኪው 5፣ ኪው 8 የሚሉት ምልክቶች ምን ያህል እንደታመቀ ነው የሚነግሯችሁ። 4 ማለት እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት ገደማ ወርዷል፤ 16 ጊጋው 5 ሆኗል። ብዙው ሰው የሚጠቀመው ኪው 4 ኬ ኤም የሚባለውን ነው፤ ለእንግሊዝኛ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ለእኛ ግን ተጠንቀቁ። በላቲን ፊደል የማይጻፉ ቋንቋዎች ሲታመቁ ይበልጥ እንደሚጎዱ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወደ ኪው 3 እና ኪው 2 ስወርድ አማርኛው መጀመሪያ የሚያጣው ጾታን ነው። «ሻጯ» ብሎ ጀምሮ «ፈርሟል» ብሎ ይጨርሳል። ከዚያ ቃል መፍጠር ይጀምራል፤ ሲያዩት አማርኛ የሚመስል፣ ሲያነቡት የማንም ያልሆነ።

አሁን የፍጥነቱን ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ላወጣ ነበር። ባለ 12 ቢሊዮኑን ጌማ ጫንኩት፤ 8 ጊጋ ገደማ ነው። አማርኛው ደህና ነው። ግን ይንቀረፈፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ቡናዬ ይበርዳል። አዲስ ላፕቶፕ ልገዛ ዋጋ መጠያየቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከቢሮዬ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት። ልጁ ምንም ሳይለኝ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈታ፣ ሽፋኑን አነሳ፣ አቧራውን እፍ አለ።

«ጋሼ፣ 16ቱ ጊጋ በአንድ የራም እንጨት ነው ያለው። ይኸው፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።»

«እና ምን ይሁን?»

«ግማሽ መንገድ ዘግተው ነው የሚነዱት።»

ልጁ ያለኝ ልክ ነው። ሞዴሉ አንዲት ቁራጭ ቃል ባወጣ ቁጥር ያን 8 ጊጋ ከራም ወደ ፕሮሰሰር አንድ ጊዜ ማሳለፍ አለበት። የእኔ ዓይነቱ ራም፣ ዲዲአር 4 ባለ 3200 የሚባለው፣ አንድ ብቻ ሲሆን ቢበዛ በሰከንድ 25.6 ጊጋ ያሳልፋል፤ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጥ 51.2። ስለዚህ 25.6ን ለ8 አካፍሉት፤ በሰከንድ ሦስት ቁራጭ፣ ያውም በወረቀት ላይ። ፕሮሰሰሩ ቢጎብዝ ምን ሊረባው? ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛ እንጨት አስገባልን፤ ያገለገለ ነው፣ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት። ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ራሙም 32 ሆነ። ለልጁ ምሳ ጋበዝኩት፤ ሌላም ይገባው ነበር።

የግራፊክስ ካርድ ያላችሁ ሌላ ዓለም ናችሁ። ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 በሰከንድ 360 ጊጋ ያሳልፋል፤ ያው ስሌቱን ሥሩት። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ዓይነት አለው፤ በየሳምንቱ «27 ቢሊዮኑን ሞክረው እንጂ» ይለኛል። 17 ጊጋ ነው ወንድሜ። መብራቱንም አንተ ትከፍልልኛለህ?

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ሁለት ሳምንት አቃጠለኝ። 14 ገጽ ውል ሰጥቼው «ሻጩ ማን ነው?» ስለው አያውቅም። የመጨረሻውን ገጽ አንድ በአንድ ይተነትናል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ግን ጨርሶ ያየው አይመስልም። ለካ አላየውም! ሞዴሎቹ በአንድ ጊዜ የሚይዙት የጽሑፍ ልክ አለ፤ ኦላማ ደግሞ ራም እንዳይበላ ብሎ ይህን ልክ ሲጀምር ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፤ የእኔ ላይ 4096 ቶክን ነበር፤ ቶክን ማለት ያቺው ቁራጭ ቃል ናት። ከዚያ የተረፈውን ምንም ሳይነግራችሁ ከፊቱ ይቆርጠዋል። 4096 ለእንግሊዝኛ ጥቂት ገጾች ይሆናል። ለአማርኛ ግን ወይ ፍንክች! የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ነው። ሞዴሉ የግእዝ ፊደልን በደንብ ካልለመደ ቃሉን እየከተፈ ነው የሚያነበው፤ «ተዋዋዮቹ» አምስት ፊደል ነው፣ በከፋ ቀን 15 ቁራጭ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ውል የሚለው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁራጭ ነው። ፍጥነትም በቁራጭ ስለሚቆጠር፣ አማርኛን የሚከትፍ ሞዴል ሁለት ጊዜ ይቀጣችኋል፤ ይዘገያል፣ ይረሳልም። ልኩን ከማስተካከያው ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ተጨማሪ ራም ይጠይቃል። እኔ ረጅም ውል ሲመጣ አንቀጽ በአንቀጽ ቆርጬ ነው የምሰጠው። ፋራነት ነው፣ ግን ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረጃ ሰንጠረዥ ማየት ትቻለሁ። አዲስ ሞዴል ሲመጣ የራሴን ፈተና ነው የምሰጠው። ፈተናው አንድ ገጽ አይሞላም። ቀብዱ አለ፣ ታውቁታላችሁ። ከዚያ «ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል መስመር አለ። ትክክለኛው መልስ በፈረንጅ ጁላይ 22 ቀን 2024፣ ጠዋት 9 ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ጁላይ 15 ቀን 2016፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ይሉኛል፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደው በውድቅት ሌሊት ያስፈርሙኛል። በጣም የሚያናድደኝ ግን አለመጠራጠራቸው ነው። ቀጥሎ ለአንድ አዛውንት ደንበኛ አጭር መልእክት ጻፍ እለዋለሁ፤ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ «ና» ያለኝ አለ።

እስካሁን ሁሉንም ያለፈ የለም። ባለ 12 ቢሊዮኑ ጌማ 3 ቀብዱን ያልፋል፣ አክብሮቱንም ብዙ ጊዜ ይጠብቃል፤ ቀኑን ግን በራሴ ነው የምቀይረው፣ እሱን ለሞዴል አልሰጥም። ኦሪጅናሉን አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን መስመር አያለሁ፤ ማኅተሜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። 8 ጊጋ ራም ብቻ ያላችሁ ባለ 4 ቢሊዮኑን ሞክሩ፣ 3.3 ጊጋ ነው፤ ለማጠቃለልና ረቂቅ ለመጀመር ይሆናል፣ ውል ግን አትስጡት። ሥራችሁ እንግሊዝኛና ኮድ ከሆነ ደግሞ እኔን አትስሙኝ፤ 32 ጊጋ ራም ካላችሁ 30 ቢሊዮን ሆኖ በአንድ ጊዜ 3 ቢሊዮኑን ብቻ የሚያሠራው ኩዌን 3 ያለ ካርድም ይሮጣል። የአጠቃቀም ፈቃዱም ልል ነው። ጌማ 3 እና ላማ 3.1 የራሳቸው ውል አላቸው፤ ለንግድ የምትጠቀሙ አንብቡት።

ስለ ባትሪም ልንገራችሁ። ሞዴል ሲሠራ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፋኑ ያጓራል፣ ሦስት ሰዓት የሚቆየው ባትሪ አንድ ሰዓት አይሞላም። መብራት በሚሄድበት ቀን መጀመሪያ የምዘጋው እሱን ነው።

ትናንት ማታ አዲስ የወጣ አንድ ሞዴል ማውረድ ጀምሬ ነበር፤ 61 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ደግነቱ ኦላማ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ዛሬ ሌሊት ይጨርሳል ብዬ አስባለሁ፤ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቀብዱን እጠይቀዋለሁ።