ሮማኔ

እናቴ እንድተክለው ከኮምቦልቻ ስድስት የሮማን ቅርንጫፍ ቁራጭ ላከችልኝ። እያንዳንዱ የእርሳስ ውፍረት፣ የአንድ ስንዝር ቁመት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በፌስታል ደርባ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ደግሞ አንድ ዱላ አብራ አስራበት። ከሁሉም ቁራጭ አንድ ጫፍ ላይ ቀይ ክር አለ። "እማዬ ደግሞ ጌጥ ትወዳለች" ብዬ ክሩን እየበጠስኩ ጣልኩት።

ከሰዓት ደወለች።

"ደረሰልህ?"

"ደርሷል እማዬ።"

"ክር ያለበት ወደ ላይ ነው፤ አደራ!"

"እሺ።"

እሺ አልኩ እንግዲህ። ምን ልበል? ስድስቱን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አፈጠጥኩባቸው። እንጨት ናቸው። ሁለቱም ጫፋቸው ያው ነው። ለካ እምቡጡን ያየ ሰው ይለየዋል፤ እምቡጥ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ያኔ ግን ይህንን የት አውቄው! ስለዚህ ሦስቱን እንዲህ፣ ሦስቱን እንዲያ አድርጌ ተከልኳቸው። ቢያንስ ግማሹ ይወጣል። ሎተሪም ከዚህ የተሻለ ዕድል አይሰጥም።

ሌላውን ሥራ ግን በደንብ ነው የሠራሁት። ጄሪካን ለሁለት ቆረጥኩ፣ ቀይ አፈር ከአሸዋና ከፍግ ጋር ቀላቀልኩ፣ ከላይ ነጭ ፌስታል አለበስኩት። ቁራጭ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ውሃ የሚስብበት የለውም፤ ፌስታሉ በውስጡ ያለችው እርጥበት እንዳትተንበት ነው። ፌስታሉ ቅጠል ላይ እንዳይተኛ ደግሞ መሃል ላይ ምሰሶ ያስፈልጋል። የእናቴ ዱላ እዚያው ነበር። ቸከልኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ብደብቀው ደስ ይለኛል። በየጠዋቱ አንዷን እየነቀልኩ ሥር ማውጣት አለማውጣቷን አየሁ። አይቼ መልሼ እተክላለሁ። በነጋታው ደግሞ ቀጣይዋን። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አንተን በየቀኑ ከአልጋ አንስተው 'አድጓል?' እያሉ ቢመልሱህ ታድጋለህ?"

አልመለስኩላትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

በወሩ አምስቱ ደርቀው እንደ ክብሪት ተሰበሩ። ስድስተኛዋ ሻገተች። ልጥለው ፌስታሉን ስገልጥ ግን መሃል ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቡቃያ! ያውም ደልደል ያለ! ጮህኩ። ባለቤቴን ጠራሁ። ፎቶ አነሳሁ። ለቤተሰቡ ግሩፕ "ሮማኔ በቀለች" ብዬ ላክሁ። እናቴ ያላት ስልክ ቁልፉን የሚጫኑት ዓይነት ስለሆነ ፎቶውን አላየችውም፤ ወሬውን ብቻ ሰምታ እልል አለች።

እውነት ለመናገር ጥርጣሬ ሳይገባኝ አልቀረም። የሮማን ቅጠል ቀጭን፣ ጠባብና አብረቅራቂ ነው። የእኔዋ ሰፊ ቅጠል ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዘንግ ላይ ይወጣል። የአዲስ አበባ አየር ተስማምቷት ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ጣቴን እሾህ ሲወጋኝ ጭራሽ ልቤ ረጋ። ሮማንም እሾህ አለው አይደል?

በሁለተኛው ወር ጄሪካኑ ጠበባት። ወደ ቀለም ባልዲ አዛወርኳት። አፈሩን ሞላሁ፣ ጠቅጠቅ አደረግኩ፣ ውሃዬን ለቀቅሁባት። ባልዲው ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው ትዝ ያለኝ በአራተኛው ቀን ሽታው ሳሎን ሲገባ ነው። ከላይ ጭቃው ተንሳፍፏል። ሥር ደግሞ አየር ካጣ ይበሰብሳል። ቢላዋ ምድጃ ላይ አጋልኩና፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ (ይቺን ልብ በሉልኝ፣ የእኔ ወለል) ባልዲውን የበረንዳው ጠርዝ ላይ አውጥቼ ቂጡን ወጋሁት።

ፏፏቴ ሆነ። ጥቁር፣ የሚሸት ፏፏቴ።

ከታች፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ በረንዳቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ነበር። የዓመት በርበሬ። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ሊደርቅ አንድ ቀን የቀረው።

ጩኸቱን ስሰማ መብራት ማጥፋት አማረኝ። ቀን ነበር እንጂ። ወዲያው በሩ ተደበደበ። እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ፤ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል።

"አንተ ልጅ! ምን በድዬህ ነው?"

"ይቅርታ እትዬ፣ ችግኝ ላዛውር ብዬ... ሮማን ነው... በርበሬውን እተካለሁ..."

"የታለ ሮማኑ?"

አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ቅጠሏን ገልበጥ አደረጉ። ግንዷን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። ቀጥ ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። ሳቁ። ግድግዳ ይዘው ሳቁ።

"ይሄ ቆርች ነው! እኛ ጎጃም አጥር የምናጥርበት! ተሰብሮ ሜዳ ላይ ቢወድቅ እንኳ ይበቅላል። ዛፍ ነው የሚሆነው ልጄ፣ እዚህ ፎቅ ላይ የት ልታደርሰው ነው?"

ዱላው ነበር። ስድስት ሮማን ስቀብር ቀና ብሎ ያየኝ የነበረው የፌስታሉ ምሰሶ።

ለእናቴ ደወልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። "አዎ፣ ከአጥሩ የሰበርኩት ዱላ ነው" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ክሩስ?" አለችኝ። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ዘጋሁት።

በርበሬውን ተክቻለሁ። አራት ኪሎ፣ ከነመቀንጠሱ። የቀነጠስኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው እጄ ዓይኔን አሽቼ ያለቀስኩትንም እትዬ አይተዋል። ቆርቹ አሁን ወገቤ ላይ ደርሷል። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ መጥተው ለገጠር ወንድማቸው አጥር አንድ ቅርንጫፍ ለመኑኝ። ቆርጬ ሰጠኋቸው። በር ላይ ቆም አሉና ከነጠላቸው ጥለት አንዲት ቀይ ክር መዘዙ። ጫፉ ላይ አሰሩት፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ።